ክቡ ሰውዬ

ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ክቡ» ነው። የወፈረ እንዳይመስላችሁ፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ የተሰቀለ የሚመስል ቀጭን ሰውዬ ነው። ክቡ የተባለው በቴሌቪዥኑ ታችኛው ጥግ፣ የሻይ ሰሃን በምታክል ክብ ውስጥ ቆሞ የመንግሥትን ወሬ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በምልክት ቋንቋ ስለሚያስተላልፍ ነው። ሚኒስትር ሲሾም፣ ሚኒስትር ሲሻር፣ ሚኒስትር ትናንት ያለውን ዛሬ አላልኩም ሲል እሱ በክቡ ውስጥ አለ። በዚያ ሰሞን ሹማምንቱ እንደ ካልሲ ይቀያየሩ ስለነበር የዳቦ ተሰላፊው «ክቡራኑ ሄዱ፣ ክቡ ቀረ» እያለ ይስቅበት ነበር።

ሳቁ ግን እየዋለ እያደረ መረረ። መብራት መጀመሪያ በፈረቃ ሆነ፤ በኋላ ፈረቃውም ቀረና ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚሄድ እንግዳ ሆነ። ቧንቧው ያንኮራፋል እንጂ ውሃ አይሰጥም። አውቶቡሱ ነዳጅ ጥበቃ ተሰልፎ ይውላል፣ ሰው ደግሞ አውቶቡስ ጥበቃ ተሰልፎ ይውላል። ተጣምረው መንግሥት የመሠረቱት ሦስቱ ፓርቲዎች በየጊዜው መግለጫ እያወጡ ይሞላለጫሉ፤ አንዱ ልውጣ ሲል ሌሎቹ እግሩን ይዘው ይለምኑታል፣ እሱ ሲመለስ ሌላው ያኮርፋል። ሰዉ ደሙ ፈልቷል፤ የሚጮኽበት ሰው ግን አላገኘም። ሚኒስትሮቹ መስታወቱ በጠቆረ መኪና ሽው ብለው ያልፋሉ። በእግሩ የሚሄድ፣ ዳቦ የሚሰለፍ፣ ፊቱ በቴሌቪዥን የሚታወቅ የመንግሥት ሰው ክቡ ብቻ ነበር። ስለዚህ የአገሩ ንዴት ሁሉ እሱ ላይ ወረደ።

«አንተ! መብራት ከእንግዲህ አይጠፋም አላልክም?» አለችው አንድ ጠዋት ባለዳቦ ቤቷ፣ ክንዷ ድረስ ዱቄት እንደሆነች በመስኮቱ ብቅ ብላ።

«እኔ አይደለሁም እኮ ያልኩት፤ ሚኒስትሩ ነው።»

«እጅህን እያወናጨፍክ ስታወራ በዓይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ! ምድጃዬ ቀዝቅዞ ሊጤ ሆምጥጦ ቀረ።»

«እኔ እጅ ብቻ ነኝ፣ እናቴ።»

«የሚሰርቀውስ እጅ አይደል?» አለ ከኋላ የተሰለፈ የታክሲ ሾፌር። ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

እሱም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ? ቤቱ ሲገባ ግን ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ «እኔ ምን አገባኝ!» ይላል ለባዶ ቤት። የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። እሱ ቧንቧ ነው፤ ውሃው ቢደፈርስ ቧንቧው አይከሰስም። እንዲህ እያለ ራሱን ያጽናና ነበር፤ ያኔ ደግሞ ከልቡ ያምንበት ነበር።

የዚህ ሰውዬ እጅ ሥራ የጀመረው ገና በሕፃንነቱ ነው። ታላቅ እህቱ በጨቅላነቷ ታማ መስማት ተስኗታል። እናታቸው ከማለዳ እስከ ምሽት የሰው ቤት ስታጸዳ የምትውል ስለነበረች፣ እሱን ያዘለችው፣ ያጠበችው፣ ሲያለቅስ ያባበለችው እህቱ ናት። ሌላው ልጅ በአፉ «እማዬ» ብሎ ሲጀምር እሱ በእጁ «እትዬ» ብሎ ጀመረ፤ እህቱ ጉንጯ ስርጉድ ስለሆነ ስሟ ጉንጭን በጣት ነካ ማድረግ ነበር። አፉን በእጁ ፈታ ብል ያጋነንኩ አይምሰላችሁ።

እግሩ ከጠና ወዲህ ደግሞ ጆሮዋ ሆነ። ሱቅ ሲኬድ እሱ፣ ሐኪም ቤት ሲኬድ እሱ። አንድ ክፉ ልማድ የለመደውም ያኔ ነው፤ ክፉ ማለት ከከበደኝ ደግሞ ከፍቅር የመጣ ልማድ ልበለው። ባለሱቁ «ይቺን ድዳ ደግሞ እየጎተትክ መጣህ?» ሲል ትንሹ ልጅ ዞር ብሎ በእጁ «እንዴት ዋልሽ ይልሻል» ይላታል። እሷም ለባለሱቁ ፈገግ ትላለች። ነርሷ ስታመናጭቅ «ትንሽ አረፍ በዪ ትልሻለች» ይላታል። እህቱ ዓለም ጨዋ ናት ብላ አምና አደገች። ጨዋው ወንድሟ ነበር። ክፉ ቃል በእሱ እጅ አልፎ ወደ እሷ እንዲሄድ አንጀቱ አልቻለም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የተሻለ የማደርግ አይመስለኝም።

ልጁ አደገ፤ ልማዱም አብሮት አደገና እንጀራው ሆነ። ጣቢያው ቀጠረው፣ ግድግዳው አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ሰጠው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰካለት። ባለሥልጣን ሲናገር ሰምታችሁ የለ? «እ…» ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ የጀመረውን ሐሳብ ሜዳ ላይ ጥሎ ሌላ ያነሣል፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን ይፈልገዋል። ክቡ ይህን ሁሉ ገለባ አራግፎ ፍሬውን ብቻ ያስተላልፋል። ከሚኒስትሩ አፍ ተጨማልቆ የወጣው ከእሱ እጅ ጥርት ኩልል ብሎ ይወጣል። በዚህ ይኮራ ነበር። በስብሰባ ላይ አንድ መስማት የተሳነው አስተማሪ «መንግሥታችን ሁሉ ነገሩ ቢበላሽ ንግግሩ ግን ግሩም ነው» ሲለው የተሰማው ደስታ ለብዙ ቀን አልለቀቀውም።

እህቱ በበኩሏ እንደ እሷ መስማት ከተሳናቸው ሴቶች ጋር ተደራጅታ የልብስ ስፌት ማኅበር አቆመች። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለው አሮጌ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ዓመታት ላባቸውን አፍስሰው በሠሯቸው ቤቶች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ነበር። ዜና ሲጀምር መቀሳቸውን አስቀምጠው ቴሌቪዥኑ ፊት ይኮለኮላሉ። መስኮቱን ሞልቶ የተቀመጠውን ባለ ከረባት ዘወር ብሎ የሚያየው የለም፤ የሁሉም ዓይን ጥጉ ላይ ነው። ለእነሱ መንግሥት ማለት የዚያ ቀጭን ሰውዬ እጅና ፊት ነው፤ እሱም የጓደኛቸው ወንድም ነው፣ እንዴት አያምኑት?

ባለፈው ዓመት የቤቶች ሚኒስትሩ መግለጫ ሰጠ። ለአዲስ መንገድ ሲባል ከሐዲዱ ጀርባ ያለው ሰፈር ይነሣል፤ ቀድሞ በፈቃዱ ቤቱን ያስረከበ ሰው የአፓርታማ ቁልፍ ይሰጠዋል አለ። የእህቱ ሰፈር ነዋ፣ ክቡ እንደዚያ ቀን አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም። ሴቶቹ አዩት፣ ተቃቀፉ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ግቢያቸውን አስረከቡ። ዶዘር መጥቶ ግቢውን ድምጥማጡን አጠፋው። ከዚያ ወዲያ የዶዘሩ ነዳጅ አለቀ፣ መንገዱ ቀረ፣ ሚኒስትሩ ተሻረ። የሚሰሙት ጎረቤቶቻቸው አንዳቸውም ከቤታቸው አልወጡም፤ እስከ ዛሬ ጣሪያቸው ስር ተቀምጠው መንግሥትን ይራገማሉ። ሴቶቹ ግን በተከራዩት የስፌት ክፍል ውስጥ፣ በስፌት መኪናዎቹ መሐል ፍራሽ ዘርግተው ያድራሉ።

«ቁልፉ መቼ ነው?» ትለዋለች እህቱ ባየችው ቁጥር።

«ይመጣል፣ እትዬ» ይላታል። ሌላ ምን ይበላት?

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ መንግሥቱ የሚወድቅበት ሰሞን ደረሰ ተባለ። ከሦስቱ ፓርቲዎች አንዱ በቃኝ ብሎ ወጣ። ሐሙስ ጠዋት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርቦ ይናገራል፣ ከዚያም አባላቱ ይቆይ ወይስ ይውረድ ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። ከተማው በሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ይሄስ ይሂድ፣ ማን ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን ደፍሮ የሚመልስ ጠፋ። በዚያው ሳምንት ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ አሮጌ መጋዘን ያለው ሰው ለስፌት ማኅበሩ ልሽጥላችሁ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ያቺን የተረፈቻቸውን ጥሪት አሟጠው መጋዘኑን ቢይዙ ቢያንስ የራሳቸው ጣሪያ ይኖራቸዋል። ቁልፉ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ያቺን ጥሪት ለምን ያባክናሉ? ሌላ ገዢ ስለመጣ ባለመጋዘኑ እስከ ዓርብ መልስ ስጡኝ ብሏል።

«ሐሙስ ስለ ቤቶቹም ይናገራል ተብሏል» አለችው እህቱ በእጇ። «ጠብቁ ካለ እንጠብቃለን። አንተን አይተን እንወስናለን።»

«እኔን አይደለም እኮ፣ እትዬ። እሱን።»

እህቱ የቂል ነገር የተናገረ ይመስል ሳቀችበት።

ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ በአሮጌው ሰፈር በኩል አቋረጠ። የእህቱ የድሮ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ፣ በሩ ላይ ተቀምጦ ትራንዚስተሩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ከጎኑ ያለው የሴቶቹ ግቢ ሣር በቅሎበታል።

«ክቡ! ና እስቲ ቁጭ በል» አለው ሽማግሌው። «እነዚያ ምስኪኖች እንዴት ናቸው? እኔ እኮ አትውጡ ብዬ ደጃቸው ላይ ቆሜ ለምኜ ነበር። እጄን እንዲህ እንዲህ ባደርግ ማን ይረዳኛል! እህትህ ቴሌቪዥኑን እያሳየች ሳቀችብኝ።»

«እርስዎ ግን አባባ፣ መግለጫውን ሰምተው ለምን ቀሩ?»

«ሰምቼ ነዋ የቀረሁት!» አለ ሽማግሌው። «ጆሮ ያለው ሁሉ ነው የቀረው። ሰውየው እኮ ቁልፍ ሲል ምራቁ አነቀው። ይንተባተባል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ‹በጀት ከተገኘ ማለት ነው› አለ፣ አፍንጫው ውስጥ። እኔ ሃያ ዓመት ባቡር ይመጣል እያልኩ መንገደኛ ሳታልል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሚዋሽ ድምፅ ይጠፋኛል? አንተስ ጆሮህ ላይ ነበረ፣ አልሰማህም እንዴ?»

ክቡ ክው አለ። ሰምቶ ነበር። ያቺ «በጀት ከተገኘ» ትዝ አለችው። በምልክት ቋንቋ «ከሆነ» የሚባለው በቅንድብ ነው፤ ቅንድብን ከፍ አድርጎ ለአፍታ መቆየት ይበቃል፣ አንድ ነገር በሌላ ነገር ላይ እንደተንጠለጠለ ይታወቃል። እሱ ያን ጊዜ ቅንድቡን አላነሣም። ገለባ ናት ብሎ ከእነሳሉ፣ ከእነመንተባተቡ ጋር አራግፏታል። ሰሚው ሕዝብ የሰማው ጭንቅ የያዘው ሰው ሲቃዥ ነው። እህቱ ያየችው የገዛ ወንድሟ ፊቱ በርቶ ቁልፍ ሲሰጣት ነው።

ተነሥቶ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ዳቦ ሰልፍ ላይ ሲል የኖረው «እኔ እጅ ብቻ ነኝ» እየተመላለሰ ይመጣበት ነበር። ቧንቧ! ውሃውን ያጠራው ራሱ አይደለም ወይ?

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው የሐዘን ቤት ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራል፤ ነገ ማን አለቃ እንደሚሆን ስለማይታወቅ ማንም ማንንም ለማስቀየም አልደፈረም። አለቃው ራሱ ክቡን በር ላይ ይዞ «ወንድሜ፣ ዛሬ አደራህን፤ እንደ ወትሮህ ቆንጆ አድርገህ» አለው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተነሣ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበባት። ክቡም ሁለት ጊዜ አላት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳለ፤ ክቡ «እየሳለ ነው» አለ በእጁ። ወረቀት ሲገለብጥ ጠፍቶበት ዝም ሲል ክቡ እጁን ሰብስቦ ዝም አለ፣ ዓይኑንም ወረቀት እንደጠፋው ሰው አንከራተተ። «መንግሥታችን ጽኑ ነው» ሲል ድምፁ ስለተሰነጠቀ፣ ክቡ «ጽኑ» የምትለውን ምልክት እየተንቀጠቀጠ ሠራት። ከዚያ ቤቶቹ ላይ ደረሰ። «የቤቶቹን ጉዳይ በተመለከተ… እ… ቃላችን ቃል ነው፤ ሁኔታዎች ከፈቀዱ… የሚመጣውም መንግሥት… ማለቴ የኛው መንግሥት…» አለ። ምክር ቤቱ አጉረመረመ፣ አንዱ ከኋላ ሳቀ። ክቡ ቅንድቡን አንሥቶ ቆየ። መንተባተቡን ተንተባተበ፣ ስህተቱን ተሳሳተ፣ ጉርምርምታውንና ሳቁንም አልማረም፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። የሚያስተላልፈው ላቡም ጭምር ነበር።

እንደጨረሰ አሁን ያባርሩኛል ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። በጣቢያው ውስጥ ከእሱ በቀር የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረማ! አለቃው ብቅ ብሎ «ተባረክ፣ ግሩም ነበር! ትንሽ እጅህ ተንቀጠቀጠ ልበል? ቁርስ አልበላህም መሰለኝ» ብሎት አለፈ። መንግሥቱም አልወደቀም፣ አልቆመምም። ግርግር ተነሥቶ ድምፅ አሰጣጡ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ። ውጭ የነዳጁ ሰልፍ እንደነበረ ነበር፤ ሾፌሮቹ ሬዲዮናቸውን አጥፍተው ተሳድበው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ።

ክቡ በእግሩ ወደ ስፌት ክፍሉ ሄደ። በሩን ሲከፍት ሴቶቹ ዙሪያውን ከበቡት። አንዷ ጀርባውን ትመታዋለች፣ አንዷ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ወረቀት መፈለግ እያስመሰለች ሌሎቹን ታስቃለች። እህቱ ፊቷ ፈክቶ መጣች።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን አየሁት!» አለችው፣ እጇ እየቸኮለ። «ፈሪ ነው! እሱ ራሱ ነገ የት እንደሚያድር አያውቅም፤ ለኛ ከየት አምጥቶ ነው ቁልፍ የሚሰጠን? ባለመጋዘኑን አስጠርተነዋል። እንገዛለን። ከዚህ መሬት እንነሣለን!»

ከሁሉም እኩል ደስ አለው። አበቃ፣ ዳኑ፣ ብሎ ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሲል እህቱ እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቆመች። አንድ ነገር እያሰላች ነበር። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«ያኛውስ?» አለችው። «የቤቶቹ ሚኒስትር። ቁልፍ እሰጣለሁ ሲል እሱም እንዲህ ነበር የተናገረው?»

የሌሎቹም እጅ ቆመ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አንዲት ትንሽ እንቅስቃሴ ትበቃው ነበር፤ አይደለም፣ እሱስ አፉን ሞልቶ ነው የተናገረው ቢላት ታምነዋለች። ዕድሜ ልኳን አምናዋለች። እጁ ወደዚያች ምልክት ሲሄድ ተሰማውና በሌላኛው እጁ ያዘው።

«እንዲህ ነበር» አላት። «ይንተባተብ ነበር፣ እትዬ። በጀት ከተገኘ ብሎ ነበር። አልነገርኳችሁም።»

«ለምን?»

«ንግግሩ እንዲያምር» አለ። እጁ የሠራውን ሲያየው ራሱንም አስጠላው።

የጮኸበት፣ የሰደበው የለም። አንዷ አንገቷን ደፍታ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ ሌላዋም ተከተለቻት፤ ተራ በተራ ጀርባቸውን ሰጡት፤ የስፌት መኪናዎቹም መንኳኳት ጀመሩ፣ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ። እህቱ ብቻ ፊቱ ቆማ ቀረች።

«ጎረቤቶቻችን እሱን ሰምተው ቤታቸው ቀሩ» አለችው፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። «እኛ አንተን አይተን ወጣን።»

ሊመልስላት እጁን አነሣ። እሷ ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋን ነካ አደረጋት፤ አልገለጠችም። ጉንጩን በጣቱ ነክቶ ስሟን ጠራ፤ የምታየው ነገር አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ሲናገርበት የኖረው እጁ ምንም ሊያደርግለት ስላልቻለ አፉን ከፈተ።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ከመኪናዎቹ ድምፅ በላይ። ከዚያም ደገመው።